ዓይኔ ከታከምኩ ወዲህ ባሰብኝ፤ ማንን ልጠይቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጎጃም የደረሱን የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከዓይን ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚደርስ ጉዳትና ስለ ታካሚ መብት የሚጠይቁ ናቸው። የሕክምናውን ነገር የዓይን ሐኪም፣ የሕጉን ነገር ጠበቃ መልሰውታል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንም የተቋማቱንም ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ አባቴ የ67 ዓመት ገበሬ ናቸው። በዘመቻ የመጡ ሐኪሞች የቀኝ ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ አወጡላቸው። በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ ጣት ቆጠሩ፤ ቤተሰቡ ሁሉ እልል አለ። በአራተኛው ቀን ዓይናቸው ደም መሰለ፤ ሌሊቱን ሲያቃስቱ አደሩ። ጤና ጣቢያ ብንወስዳቸው «ጠብታውን ቀጥሉ፣ በቀጠሯችሁ ቀን ትሄዳላችሁ» ተባልን። በቀጠሮው ቀን ዓይኑ መግል ቋጥሮ ነበር፤ በመጨረሻም ወጣ። ይህ የሐኪም ጥፋት ነው? ማንን ነው የምንከሰው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እግዚአብሔር አባትዎን ያጽናናቸው። የገለጹት ኢንዶፍታልማይተስ የሚባለውን፣ ጀርም ወደ ዓይን ውስጠኛ ክፍል ሲገባ የሚመጣውን ቁጣ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት ብቅ ይላል፤ ምልክቶቹም ሕመም፣ መቅላት፣ የተገኘው ብርሃን መልሶ መደብዘዝና መግል ናቸው። እጅግ በተደራጀ ሆስፒታልም ቢሆን ከሺህ ታካሚ አንድ ያህሉን ሊያጋጥም ይችላል። ስለዚህ «ዓይኑ መገለ» ማለት ብቻውን «ሐኪሙ አጠፋ» ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት መደረግ የነበረበት ተደርጓል ወይ የሚለው ነው።

ዓይን ከመቀደዱ በፊት 5 በመቶ የሆነ ፖቪዶን አዮዲን ዓይኑ ውስጥ ተጨምሮ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ይቆያል። ከሁሉም መከላከያ ጥቅሙ በደንብ የተመሰከረለት ይህ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ብዙ ቦታ በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ ላይ ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት፣ ለምሳሌ 1 ሚሊ ግራም ሴፉሮክሲም፣ ከዓይኑ ፊተኛ ክፍል ይወጋል። መሣሪያው ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት መቀቀያ) መቀቀል አለበት። በዘመቻ በአንድ ቀን ብዙ ሰው ሲሠራ በቀላሉ የሚላላው ይህ ነው፤ ሰልፉ ሲረዝም የመሣሪያው ስብስብ ያንሳል፣ መቀቀያውም ከሐኪሙ እጅ እኩል አይሮጥም።

ስለዚህ አንድ ነገር ቶሎ ያጣሩ፦ በዚያው ቀን ከአባትዎ ጋር ከተሠሩት መካከል ሌላ ዓይኑ የመገለበት ሰው አለ? ቀበሌው ታካሚ መዝግቦ ልኮ ከሆነ ስማቸው አይጠፋም። ከአንድ ቀን ሥራ ሦስት አራት ሰው ከታመመ የአንድ ሰው ዕድል መጥፎነት ሳይሆን የመሣሪያ ወይም የመታጠቢያ ፈሳሽ መበከል ነው የሚጠረጠረው። ያ ለክሱ ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል።

ነገር ግን ከጻፉልን የበለጠ የከበደን የአራተኛው ቀን ነገር ነው። ዓይኑን በተቀደደ ሰው ላይ ብርሃኑ እየቀነሰ ሕመም ከመጣ ያየው ባለሙያ ማንም ይሁን ማን በዚያው ቀን ሪፈር መጻፍ አለበት። ጠብታ ከዓይኑ ኋለኛ ክፍል አይደርስም። ሕክምናው ከዓይኑ ውስጥ ናሙና መውሰድና 1 ሚሊ ግራም ቫንኮማይሲን ከ2.25 ሚሊ ግራም ሴፍታዚዲም ጋር እያንዳንዱን በ0.1 ሚሊ ሊትር ዓይኑ ውስጥ መውጋት ነው፤ ያውም በሰዓታት ውስጥ። በዚያ ቀን ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከል ተልከው ቢሆን ዓይኑ ይድን ነበር ብሎ መማል አይቻልም፤ የመዳን ዕድሉ ግን ሌላ ይሆን ነበር። በእኛ ግምት የጉዳያችሁ ክብደት ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ይልቅ ጤና ጣቢያው ላይ ያርፋል። ደግሞም ሲወጡ በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ «ሕመም ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ» የሚል ማስጠንቀቂያ ከሌለ የዘመቻው ቡድንም የሚጠየቅበት አለው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት፣ በቸልተኝነት ወይም ግዴታውን ባለማወቅ የሳይንሱን እውነት ወይም የታወቀውን የሙያ አሠራር ከጣሰ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ቁጥር 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋም በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ለሚደርስ ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ የጤና መኮንኑን ወይም ነርሱን ብቻ ነጥላችሁ ማሳደድ የለባችሁም፤ ተቋሙን ክሰሱ። በዘመቻው በኩል ካርድ ያወጣው፣ ክፍሉን የሰጠው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተከታተለው ማን እንደሆነ ይጣራና አስተናጋጁ ሆስፒታልና አዘጋጁ ድርጅት አብረው ይከሰሳሉ። ድርሻቸውን ፍርድ ቤት ይለየው። «በነጻ ነው የሠራንላችሁ» የሚለው መልስ ሕጋዊ መከላከያ አይደለም፤ የነጻ ሕክምናም ሙያዊ ጥንቃቄው ያው ነው።

ዋናው ማስረጃችሁ የጤና ጣቢያው የተመላላሽ ታካሚዎች መዝገብ ነው። አባትዎ በዚያ ቀን መጥተው እንደነበር፣ ምን ብለው እንደተናገሩ፣ ምን እንደታዘዘላቸው በአንድ መስመር ተጽፎ ይገኛል። መዝገቡ ሲያልቅ ወደ መጋዘን ይገባል፣ አይጥም ይበላዋል። አሁኑኑ ጠይቁ። ዓይኑ ሲወጣ ወደ ላቦራቶሪ የተላከ ናሙና ካለም ውጤቱን ውሰዱ።

ጥያቄ፦ እናቴ ግራ ዓይናቸው የሞራ ግርዶሽ ተሠርቶላቸው ሌንስ ተገባላቸው። ሁለት ወር ሆናቸው፤ ቅርብ ያለውን ያያሉ፣ በሩቅ ግን ሰው መለየት አይችሉም። የማይሆናቸው ሌንስ ገብቶባቸዋል የሚሉን አሉ። እንዴት እናረጋግጥ? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ይህ ከሌሎቹ ሁሉ በቀላሉ የሚጣራ ነው። ወደ ክስ ከመሄድ በፊት አንድ ምርመራ አስደርጉ፦ መርማሪው ትንሽ ቀዳዳ ያላት ካርድ ከዓይናቸው ፊት ይዞ ፊደል ያስቆጥራቸው። በቀዳዳዋ ሲያዩ ፊደሉ ከጠራ ችግሩ የመነጽር ልኬት ነው። በቀዳዳዋም ካልጠራ ችግሩ ከዓይኑ መስተዋት (ከፊት ካለው ጥርት ያለ ሽፋን)፣ ከሌንሱ ኋላ ሽፋን፣ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የኋላ ክፍል) ወይም ከነርቩ ነው፤ ሌንስን መወንጀል ጊዜ ማጥፋት ይሆናል።

ቅርቡን አይተው ሩቁን አለማየታቸው የሌንሱ ጉልበት ከሚያስፈልጋቸው በላይ መሆኑን ይጠቁማል። የሌንስ ጉልበት የሚሰላው ከሁለት ልኬቶች ነው፤ አንዱ የመስተዋቱ ጥምዝነት፣ ሌላው የዓይኑ ርዝመት። በርዝመቱ ልኬት ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት በውጤቱ ላይ ከ2.5 እስከ 3 ዲዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ያህል ያዛባል። ልኬት መያዣው የዓይኑን ፊት ሲጫነው ዓይኑ አጥሮ ይለካል፣ ሌንሱም ጠንካራ ሆኖ ይታዘዛል። የእናትዎን ዓይነት ቅሬታ የሚያመጣው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው እንግባ። ሌንሱ ሲታሸግ በካርቶኑ ውስጥ ተለጣፊ ወረቀቶች አብረውት ይመጣሉ። በእያንዳንዱ ላይ የሌንሱ ዓይነት፣ ጉልበቱ (ለምሳሌ +21.50)፣ የተከታታይ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ታትሟል። አንዱ በቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ላይ መለጠፍ፣ አንዱ ለታካሚው ካርድ መሰጠት አለበት። ይህችን ተለጣፊ ከልኬቱ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አድርጉ። ልኬቱ 20 ብሎ የተገባው 24 ከሆነ ጥያቄው በአንድ ደቂቃ ተመለሰ። ሁለቱ ተስማምተው ውጤቱ ብቻ ከተዛባ ግን የልኬት መዛባት ነው፤ የዚያ ጥፋትነት በመዛባቱ መጠን ይለካል። ግማሽ ወይም አንድ ዲዮፕተር የተለመደ ነው፤ አራት ዲዮፕተር ማብራሪያ ይፈልጋል።

ተለጣፊው ከመዝገቡ ከጠፋ ወይም ልኬት ጭራሽ ካልተሠራ ያም ራሱ ነጥብ ነው። ሳይለኩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሌንስ የማስገባት አሠራር ድሮ በብዙ ቦታ ነበር። ዛሬ መለኪያው ባለበት ቦታ ያን ማድረግ በቂ ምክንያት ይሻል፤ ለታካሚውም አስቀድሞ ሊነገር ይገባል።

እናትዎ ከስድስት ሳምንት በላይ ስለሆናቸው መነጽር መለካት ይችላሉ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ሌንሱን መቀየር ይቻል ይሆናል፤ ሳይዘገይ ቢታይ ነው የሚሻለው፣ ሌንሱ በቆየ ቁጥር ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃልና። ሌላ የምናስታውሳችሁ፣ በመጀመሪያ ጥሩ አይተው ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ የሚደበዝዝባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። «ሞራው ተመልሶ መጣ» ይሉታል። የተመለሰው ሞራው አይደለም፤ የሌንሱ ኋላ ሽፋን ነው የሚጨልመው። በሌዘር በጥቂት ደቂቃ ይከፈታል፤ የማንም ጥፋት አይደለም።

ጥያቄ፦ የዓይን ማዝ ይዞኝ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ሲወጋኝ ጤና ጣቢያ ነርስ ቀዶ ሠራልኝ። ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ መውጋት ጀመረ። ሐኪም ያልሆነ ሰው መቅደዱ ወንጀል አይደለም? (ከቢቸና)

መልስ፦ አይደለም። በአማራ ክልል የትራኮማን (የዓይን ማዝን) የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው፤ አሠራሩም በሕግ የተፈቀደ ነው። ፀጉሩ መመለሱም ብቻውን ጥፋት አያሰኝም። ቀዶ ሕክምናው የቆቡን ጠርዝ ወደ ውጭ ያዞራል እንጂ ጠባሳ የሚፈጥረውን በሽታ አያቆመውም፤ በደንብ ተሠርቶም በዓመቱ ውስጥ ከአምስት ሰው ለአንድ ያህል የሚመለስበት ጊዜ አለ።

የእጅ ጥፋት የሚመስለው ሌላ ነው። የቆቡ ጠርዝ በአንድ ቦታ ተሰንጥቆ መጋዝ መስሎ ከቀረ፣ ዓይንዎ ሲተኙ የማይከደን ከሆነ፣ መቅደዱ ከአፍንጫ በኩል ወይም ከጆሮ በኩል ጫፍ ሳይደርስ ቆሞ የተመለሰው ፀጉር ሁሉ ከዚያው ጫፍ ከሆነ፣ ወይም በሐር ክር ተሰፍቶ ክሩ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት እንዲወጣ ቀጠሮ ሳይሰጥዎት ቀርቶ ቆቡ ውስጥ ሥጋ ካበቀለ ያስመርምሩት። ሁለተኛው ቀዶ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው እንዲሠራው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጠይቁ። እስከዚያ ድረስ በወረንጦ ሲነቅሉ ፀጉሩ ከመሐል እንዳይሰበር፤ የተሰበረው ጉቶ መስተዋቱን ከሙሉው ፀጉር የባሰ ይፍቀዋል።

ጥያቄ፦ ሆስፒታሉ ካርዴን ሊሰጠኝ አልፈቀደም። «የመንግሥት ንብረት ነው» ይሉኛል። (ከሞጣ)

መልስ፦ ዋናው መዝገብ ከተቋሙ አይወጣም፤ እሱ ልክ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ያለው መረጃ ግን የእርስዎ ነው። በቃል መጠየቅ ይተዉና ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ ለሥራ አስኪያጁ ወይም ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ይሁን። መዝገብ ቤት ያስገቡትና በእርስዎ ቅጂ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱ። ማኅተም ካልመቱልዎት ከፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩት፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ያንኑ ያህል ያገለግላል።

«ካርዴን ስጡኝ» ብሎ በጅምላ መጻፍ አይበቃም። እያንዳንዱን ወረቀት በስሙ ይጥሩ፦ ከቀዶ በፊት የተደረገ ምርመራና የእይታ ልክ፣ የሌንስ ልኬት፣ የፈቃድ ቅጽ፣ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ፣ የማደንዘዣ ማስታወሻ፣ የቀዶ ክፍል የደኅንነት መቆጣጠሪያ ቅጽ፣ የሌንስ ተለጣፊ፣ የነርስ ክትትል፣ የመውጫ ማጠቃለያ። ስሙ ከተጠራ ወረቀት «የለም» ቢሉ የለም ብለው መጻፍ ይገደዳሉ፤ ያ ጽሑፍ ራሱ በፍርድ ቤት ዋጋ አለው።

ከቀዶ በፊት የተጻፈውን የእይታ ልክ በተለይ ይዩት። ዓይኑ ቀድሞውንም ብርሃን የማያይ፣ በግላኮማ (በዓይን ግፊት በሽታ) ነርቩ የሞተ ከነበረ ሞራውን ማውጣት ብርሃን አይመልስም። ያንን ሳይነግሩ ከቀደዱ ጥፋቱ በምክር ላይ ነው እንጂ በእጅ ላይ አይደለም፤ የክሱ አጻጻፍም ይለያል።

ክስ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 145 ፍርድ ቤቱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ማስቀረብ ይችላል። እስከዚያው ግን በእጅዎ ያለውን ይጠብቁ። የቀጠሮ ካርዱን፣ የመድኃኒት ደረሰኙን፣ የጠብታውን ጠርሙስ ከነቁጥሩ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ጠርሙሱን ራሱን አይጣሉ። የዓይኑን ፎቶ በየቀኑ ማንሳት ሰው ያቃልለዋል፤ እኛ ግን ከብዙ ምስክር እናስቀድመዋለን፤ ስልኩ ቀኑን ይመዘግባልና።

ለወላጅዎ ከሆነ የሚጠይቁት ውክልና ይያዙ። የታካሚን ምሥጢር ለሌላ ሰው አለመስጠት ግዴታቸው ስለሆነ ያለ ውክልና ቢመልሱዎት አይቀየሙ።

ጥያቄ፦ ፈርሚ ብለውኝ በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ፤ አላነበቡልኝም። አሁን «ፈርመሻል» ይሉኛል። (ከቡሬ)

መልስ፦ ፊርማዎ ቀዶ ሕክምናውንና ከጥንቃቄ ጋር ሊደርስ የሚችለውን አደጋ መቀበልዎን ያሳያል እንጂ ቸልተኝነትን አያጸድቅም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 20 መሠረት ሰው ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት ይችላል፤ እምቢ ማለት የሚቻለው ደግሞ ነገሩ ሲታወቅ ነው። የጤና ቁጥጥሩ ደንብ ቁጥር 299/2006ም ፈቃድ በበቂ መረጃ ላይ እንዲመሠረት ያዛል። ስለዚህ ቅጹን ይመልከቱት፦ የትኛው ዓይን እንደሚሠራ ተጽፏል? ማን አስረዳዎት? ያነበበልዎት ሰው ስምና ፊርማ አለ? ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክር የሌለበት የጣት አሻራ ደካማ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ጋ ልሂድ፣ ጤና ቢሮ ልሂድ ወይስ ፍርድ ቤት? ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ አስደንግጣናለች። ከውል ውጭ ላለ ጉዳት የካሳ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ረዥሙ ይሠራል፤ በግል ክሊኒክ ከፍለው ከታከሙ ደግሞ በውል ላይ ተመሥርቶ በቁጥር 1845 የ10 ዓመቱን ይርጋ መከራከር ይቻላል። ግን እነዚህ ክርክሮች ናቸው፤ ክርክር ደግሞ ሊሸነፍ ይችላል። በሁለት ዓመቱ ውስጥ ያለ ሰው በሁለት ዓመቱ ይክሰስ። ወደ ጤና ሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያመለከቱት ማመልከቻ ይርጋውን ያቆምልኛል ብለው እንዳይቀመጡ፤ ብዙ ሰው የተሸነፈው በዚህ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ክሱን ይክፈቱ፤ የቀረውን ማስረጃ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ በክሱ ላይ ይዘርዝሩ።

ሦስቱ በሮች የየራሳቸው ሥራ አላቸው። በክልሉ ጤና ቢሮ በኩል አቤቱታ የሚቀርብለት የጤና ሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ባለሙያዎቹን ጠርቶ፣ መዝገቡን መርምሮ ጥፋት ነበር ወይም አልነበረም ይላል፤ ማስጠንቀቅ፣ ማገድ፣ ፈቃድ ማሰረዝም ሊያስከትል ይችላል። ካሳ ግን አይፈርድም። ቢሆንም በጽሑፍ የሚሰጠው ውሳኔ ፍርድ ቤት ላይ እንደ ባለሙያ ምስክርነት ይመዝናል፤ ስለዚህ ማመልከቻውን ከክሱ ጋር ጎን ለጎን ያስገቡ።

ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በወንጀለኛ መቅጫው በኩል ናቸው። በ1996 በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል መጉዳትን ይቀጣል፤ እንደ ሐኪም ያለ ልዩ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። የማስረዳት ደረጃው ግን ከፍ ያለ ነው። ሐኪሙ በወንጀል ነጻ ቢባል እንኳ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 መሠረት የካሳውን ዳኛ አያስርም፤ ስለዚህ «ነጻ ወጥቷል፣ አለቀ» የሚልዎትን አይስሙ።

ካሳ የሚገኘው ከፍትሐ ብሔሩ ነው። በቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ በ2092 ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳትም ይጠየቃል፤ ልኩ በትክክል ካልታወቀ በ2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ መስሎ በታየው፣ ይገምታል። ለገበሬ የመጨረሻዋ ቁጥር ወርቅ ናት፤ የደመወዝ ደረሰኝ የለውምና። ቢሆንም ባዶ እጅ አይኬድም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ ስንት ጥማድ ጤፍና በቆሎ ያርስ እንደነበረ የሚያውቁ ጎረቤት ምስክሮች፣ ከታመመ ወዲህ መሬቱን ለእኩል የሰጠበት ውል ይያዝ። የእኩል ውሉ በተለይ ጥሩ ነው፤ ግማሽ ምርቱን በየዓመቱ እንዳጣ በቀጥታ ያሳያል።

የሞራል ካሳን ግን ተስፋ አያድርጉበት። ቁጥር 2116 ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል። ሕጉ በ1952 ሲወጣ ይህ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ሩብ ኩንታል ጤፍ አይገዛም። የዓይን ብርሃን የጠፋበትን ሰው ኀዘን በዚህ መመዘን የሚያሳፍር ነው፤ ሕግ አውጪው እስኪያሻሽለው ግን ጠበቃዎ ጉልበቱን በገቢ ማጣት፣ በሕክምና ወጪ፣ በመጓጓዣና በአስታማሚ ወጪ ላይ ቢያደርግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጠበቃ መያዣም የዳኝነት መክፈያም የለኝም። ሌላ ሐኪም «ጥፋት ነው» ብሎ እንዲጽፍልኝ ብለምን ሁሉም ይሸሻሉ። (ከደጀን)

መልስ፦ ሐኪሙ «ጥፋት ነው» ብሎ እንዲጽፍ አይለምኑት፤ ጥፋት መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ዳኛው ነው። የሚጠይቁት አሁን ያለውን ነገር ብቻ ይሁን፦ የእያንዳንዱ ዓይን እይታ ልክ፣ በዓይኑ ላይ የሚታየው ጉዳት፣ ይድናል ወይስ አይድንም። ይህን የሚጽፍ ሐኪም አይጠፋም። ከዚያ የሕክምና ቦርድ ባለው ሆስፒታል ቀርበው የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ያስወስኑ፤ ያለ ቦርድ ማስረጃ የገቢ ካሳ ማስላት ይቸግራል። የጥፋቱን ጥያቄ ፍርድ ቤቱ ራሱ ለባለሙያ እንዲልከው ያመልክቱ። እዚያ ላይ አንድ ምክር፦ ባለሙያው ጉዳቱ የደረሰበት ተቋም ባልደረባ እንዳይሆን አስቀድመው ይቃወሙ።

ስለ ገንዘቡ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በድሃ ደንብ መክሰስን ይፈቅዳል። ንብረትዎን ዘርዝረው፣ ከቀበሌ ማስረጃ ይዘው ያመለክታሉ፤ ከተፈቀደ የዳኝነቱን ገንዘብ አስቀድመው አይከፍሉም። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ክስ ያረቅቃሉ፣ ምክር ይሰጣሉ። ሲሄዱ ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል አስረው ይውሰዱ፤ ግማሹ ሥራ ያ ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ሽማግሌ ልኳል። ታረቁ እያሉን ነው፤ 40 ሺህ ብር ሊሰጠን ነው። እንቀበል? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ሽምግልናው አይከፋም፤ ብዙ ጊዜ ከፍርድ ቤት ይፈጥናል። የሚያስፈራው ወረቀቱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 የዕርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው። «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም» የምትል አንዲት መስመር ከፈረማችሁባት በኋላ ዓይኑ ቢወጣ፣ ወይም ሁለተኛው ዓይን ቢጎዳ እንኳ የሚሰማችሁ ዳኛ አታገኙም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ። መጀመሪያ ጉዳቱ የረጋ መሆኑን ሐኪም ያረጋግጥ፤ ቀጥሎ የቦርድ ማስረጃ ውሰዱ፤ ከዚያ ስለ ገንዘብ ተነጋገሩ። ገንዘቡ ከተሰላ በኋላ በወረቀቱ ላይ የትኛው ዓይን፣ የትኛው ቀን የተሠራ ቀዶ ሕክምና፣ ካሳው ምን ምን እንደሚሸፍን ይጻፍ። የተቋሙ ኃላፊነት የሚቀር መሆን አለመሆኑም በግልጽ ይጠቀስ፤ ሐኪሙን ብቻ ይቅር ብላችሁ ሆስፒታሉን መክሰስ ከፈለጋችሁ ይህ ካልተጻፈ ክርክር ይነሳል። ዓይኑ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ዓይን የሚያስፈልግ ከሆነ የመጀመሪያውን ዋጋ ብቻ አትቀበሉ፤ እንዲህ ያለው ዓይን በየአምስት ዓመቱ ገደማ መለወጥ ይፈልጋል፣ በየጊዜውም ይጠረጋል። በ40 ሺህ ብሩ ውስጥ ይህ ሁሉ ከገባ አስቡበት፤ ካልገባ ሽማግሌዎቹን «ቦርዱ እስኪወጣ ታገሱን» ብላችሁ በክብር መልሷቸው፣ ሁለት ዓመቱን ግን እናንተው ቁጠሩ።